«ራን» ሲሉ ሁልጊዜ ሩጫ አይደለም

ከዋሽንግተን ዲሲ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ አርሊንግተን ወይም አሌክሳንድሪያ የገባ ሰው «ፎር ማይል ራን» የሚል ምልክት ሳያይ አይውልም። ጎዳና በዚህ ስም ይጠራል፤ የብስክሌትና የእግረኛ መንገድም ይጠራበታል። በዚያ አካባቢ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ አዲስ የመጣ እንደሆነ ምልክቱን ሲያነብ በዓይነ ሕሊናው የሚታየው የአራት ማይል ውድድር ነው። የአበበ ቢቂላ አገር ልጅ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር፤ ውድድሩ በየትኛው ወር እንደሚካሄድ ሰው ልጠይቅ ምንም አልቀረኝም።

ጠይቄ ቢሆን ኖሮ መሳቂያ እሆን ነበር። ፎር ማይል ራን ጅረት ነው። ርዝመቱም አራት ማይል አይደለም፤ ከዘጠኝ ማይል ይበልጣል። ከላይ ከፌርፋክስ አውራጃ ተነሥቶ በፎልስ ቸርችና በአርሊንግተን አድርጎ፣ ከሬገን አየር ማረፊያ በስተደቡብ ፖቶማክ ውስጥ ይገባል። ወደ ምዕራብ ራቅ ሲሉ ደግሞ «ቡል ራን» የሚባል ሌላ ጅረት አለ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የመጀመሪያው ትልቅ ውጊያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1861 የተካሄደው በእርሱ ዳር ነው። ሰሜኖቹ ውጊያውን በጅረቱ ስም ሲጠሩት ደቡቦቹ በአቅራቢያው ባለችው በማናሳስ ከተማ ስም ጠሩት። ስሙን ቃል በቃል «የኮርማ ሩጫ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ቢኖር የጦር ሜዳውን በሬዎች ማጎሪያ ያደርገዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶችም ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ በልጅነታችን «ራን ማለት መሮጥ» ብለን የሸመደድነው ቃል እንግዲህ ጅረትም ነው። ጅረት ብቻ ቢሆን እንኳን በቀለለ። የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይህን ቃል በግስነቱ ብቻ መርምረው ሲጨርሱ 645 ፍቺ ቆጥረውለታል። ስም ሆኖ የሚሰጠው ፍቺ እዚህ ውስጥ አልገባም። ከአዘጋጆቹ አንዱ የሆነው ፒተር ጊሊቨር በዚህ በአንድ ግስ ላይ ዘጠኝ ወር እንደሠራ ይታወቃል። ሰው የሚረገዝበትን ያህል ጊዜ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ብዙ ሰው ቃሉ መጀመሪያ የእግር ሩጫ ብቻ የነበረና በኋላ በምሳሌነት ለውኃ የተሰጠ ይመስለዋል። የጥንት ጽሑፎች ግን ይህን አይደግፉም። ከሺህ ዓመት በፊት በነበረው እንግሊዝኛ የዚህ ቃል አያት «ሪናን» ይባል ነበር፤ ሰውም ውኃም በእርሱ ይሄዱበት ነበር። የሥጋ ዘመዱ የሆነው ጀርመንኛ ዛሬ ሁለቱን ለያይቶ ይዟል፤ «ሪነን» ሲል ውኃ መውረዱን፣ «ሬነን» ሲል ሰው መሮጡን ይናገራል። እንግሊዝኛ አልለየም። ስለዚህ የዚህን ቃል ጠባይ ለመያዝ የሚፈልግ አማርኛ ተናጋሪ ከ«ሮጠ» ጎን «ፈሰሰ»ን ቢያስቀምጥ ግማሹን መንገድ ተጓዘ ማለት ነው። የትምህርት ቤት መምህሮቻችን ይህን አንድ ነገር ነግረውን ቢሆን ኖሮ ስንት ግራ መጋባት ይቀርልን ነበር!

አስቡት። ቧንቧው ክፍት ነው ለማለት ቧንቧው «ይሮጣል» ይላሉ፤ ይፈስሳል ማለታቸው ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫው «ይሮጣል»፤ የማን አፍንጫ ከማን ቀድሞ ሊገባ? አዲስ ሸሚዝ ከነጭ ልብስ ጋር ሲታጠብ ቀለሙ «ሮጠ» ይባላል፤ እኛ ለቀቀ እንላለን። ገላ መታጠቢያ ገንዳውን ውኃ መሙላትም በዚሁ ቃል ነው። አንድ በሽታ ወይም አንድ ተሰጥኦ «በቤተሰቡ ውስጥ ይሮጣል» ሲሉ ደግሞ ልጆቹ ሳሎን ውስጥ ሲሯሯጡ አይታያችሁ፤ ከዘር የሚወርድ ነው ማለታቸው ነው። እኛም «ይወርዳል» ስንል የምናየው ያንኑ ውኃ ነው። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በሚለው መዝሙር ውስጥ ዳዊትን «ጽዋዬ ሞልቶ ይፈስሳል» ሲያሰኘው የተጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው። የአማርኛው «ጽዋዬም የተረፈ ነው» ብሎ በሌላ መንገድ ደርሶበታል።

ይህ የውኃው ወገን ነው። ሁለተኛው ወገን በሰዋስው በኩል የመጣ ስለሆነ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔን ግን ከሁሉ የበለጠ የሚያስደስተኝ እርሱ ነው።

አማርኛ አንድን ሥራ ራስ ሲሠሩትና ሌላን ሲያሠሩት በፊደል ይለያል። ልጁ ሮጠ፤ አሠልጣኙ አስሮጠው። ውኃው ፈላ፤ እናትየው አፈላችው። ውኃው ፈሰሰ፤ ሰውየው አፈሰሰው። ያቺ ከፊት የምትገባ «አ» ወይም «አስ» ማን አድራጊ ማን ተደራጊ እንደሆነ ትነግረናለች። ጥንታዊው እንግሊዝኛም እንዲህ ዓይነት ልዩነት ነበረው። «ሪናን» ሮጠ ሲሆን፣ «ኤርናን» የሚባል ሌላ ግስ ደግሞ አስሮጠ፣ ፈረስ ጋለበ ማለት ነበር። ሁለቱ በድምፅ ተቀራራቢዎች ነበሩ፤ ከሰሜን ባሕር ማዶ የመጡት ቫይኪንጎች ደግሞ የራሳቸውን ተመሳሳይ ቃል ይዘው መጡ። በኋለኞቹ መቶ ዓመታት ሁሉም ተቀላቅለው አንድ ሆኑ። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ዛሬ ሮጠ ለማለትም አስሮጠ ለማለትም ያው አንድ ቃል ነው ያለው። ልዩነቱን የሚያውቀው ከቃሉ ኋላ የሚመጣ ነገር መኖር አለመኖሩን አይቶ ነው።

ይህች የሰዋስው ነገር ጥቃቅን ትመስላለች፤ ግን የኢንዱስትሪው ዘመን ሲመጣ በሩን የከፈተችው እርሷ ናት። ወፍጮ በውኃ ኃይል በሚዞርበት ጊዜ ውኃው ይሮጣል፣ መዘውሩ ይሮጣል፣ ወፍጮውም ይሮጣል። ወፍጮውን የያዘው ሰው ደግሞ ወፍጮውን «ያስሮጣል»። የእንፋሎት ሞተር ሲመጣ ቃሉ ያለምንም ችግር ወደ ሞተሩ ተሻገረ። ባቡር መጣ፤ ባቡሩም በሰዓቱ «ሮጠ»። ይህ እግር ስላለው አይደለም፤ በመደበኛ መስመር ስለሚመላለስ ነው። አውቶቡስ ዛሬም በእሑድ «አይሮጥም» ሲባል አገልግሎት የለም ማለት እንጂ ቀስ ብሎ ይሄዳል ማለት አይደለም። ሞተሩን ከማስሮጥ ፋብሪካውን ወደ ማስሮጥ፣ ከፋብሪካው ሱቁን፣ ትምህርት ቤቱን፣ አገሩን ወደ ማስሮጥ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የቀረው። ንግድን ማስተዳደር የሚለው ፍቺ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካ ሥር ሰደደ።

እዚህ ላይ የእኛ ቋንቋ ምን እንዳደረገ እንመልከት። ድርጅት የሚመራውን ሰው ምን እንለዋለን? ሥራ አስኪያጅ። ሥራውን እንዲሄድ የሚያደርግ። እንግሊዞች ያስሮጣሉ፣ እኛ እናስኬዳለን፤ ልዩነቱ የፍጥነት ብቻ ነው! (አንዳንድ መሥሪያ ቤት ገብቶ ወረፋ የጠበቀ ሰው የእኛው ቃል ይበልጥ ሐቀኛ መሆኑን ይመሰክራል።) ኮምፒውተር ሲመጣም ሁለቱም ቋንቋዎች በለመዱት መንገድ ቀጠሉ። እነርሱ ፕሮግራሙን «ያስሮጡታል»፤ ወደ አማርኛ በተተረጎሙ ሶፍትዌሮች ላይ ደግሞ «አሂድ» የሚል ትእዛዝ እናነባለን። ተርጓሚው «አስሩጥ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ምን ያህል እንግዳ ይሆንብን እንደነበረ ሳስብ ማን እንደመረጠው የማላውቀውን ያን ሰው አመሰግነዋለሁ።

ሰዓት ግን በሁለቱም ዘንድ እሽቅድድም ላይ ነው። የእነርሱ ሰዓት «ፈጥኖ ይሮጣል»፤ የእኛ «ይቀድማል»። እንደዚሁም አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት የሚፈጥንበትን ሜዳ እነርሱ በዚሁ ቃል ሲሰይሙት እኛ መንደርደሪያ ብለነዋል። አውሮፕላኑ እንደ ርዝመት ዘላይ ተንደርድሮ ነው የሚነሣው። ይህን ቃል ያወጣ ሰው ገጣሚ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ ቀን የጎረቤቴን እናት ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። እማማ እንግሊዝኛ ብዙም አይሰሙም፤ የሚያውቁት ጥቂት ቃላት ከልጅ ልጆቻቸው የቀሰሙትን ነው። ሐኪሙ መረመራቸውና ነገረኝ። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ትኩሳት «ይሮጣሉ» አለ፤ በሁለተኛው ምርመራ «እናስሮጣለን» አለ፤ በሦስተኛው መድኃኒቱ ካለቀባቸው ተመልሰው ይምጡ ለማለት አሁንም ያንኑ ቃል ደገመው። ልተረጉም አፌን ስከፍት እማማ ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ ሦስት ጊዜ ራን አለ። እኔ በዚህ ጉልበቴ የት ድረስ ልሮጥ ነው የሚለኝ?»

«የለም እማማ፣ እርስዎ የትም አይሮጡም። ትኩሳት አለብዎ ነው የሚለው፤ የደም ምርመራ ይደረግልዎታል፤ መድኃኒቱ ሲያልቅብዎ ይመለሱ ነው።»

«ታዲያ እንዲያ አይልም?»

እማማ እውነታቸውን ነው። ግን ሐኪሙም አልተሳሳተም። የሚያስገርመው ሦስቱም ፍቺዎች የተለያዩ ሆነው ሳለ ለተናጋሪው አንድም ጊዜ አለመምታታታቸው ነው። ምክንያቱ ቃሉ ብቻውን ቆሞ ስለማያውቅ ነው። ከትኩሳት ጋር ሲውል አንድ ነገር፣ ከምርመራ ጋር ሲውል ሌላ፣ ከመድኃኒት ጋር ሲውል ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ይህን ቃል በጽሑፍ ስታገኙ ግሱን ትታችሁ መጀመሪያ ባለቤቱንና ተሳቢውን ያዙ። የሚሮጠው ማን ነው? ምንድን ነው የሚያስሮጠው? ከዚያ ያ ነገር በአማርኛ ምን እንደሚያደርግ ራሳችሁን ጠይቁ። ጋዜጣ ከሆነ ዘገባ ያወጣል። ውል ከሆነ እስከዚህ ቀን ድረስ ይጸናል። ፊልም ከሆነ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ስቶኪንግ ከሆነ ይተረተራል። ሹፌር ቀይ መብራት «ከሮጠ» መብራት ጥሷል፤ ቅጣት ይጠብቀዋል። በመዝገበ ቃላት ውስጥ ከመዳከር ይህ መንገድ ይፈጥናል።

እውነቱን ለመናገር ይህን ጥበብ ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም፤ በገዛ ቋንቋችን በየቀኑ እንሠራበታለን። «ቆረጠ» የሚለውን ውሰዱ። ሥጋ ይቆረጣል፣ እሺ። ግን ትኬትም ይቆረጣል፤ ገዛን ማለታችን ነው። ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ሰጠን ማለታችን ነው። ቀን ይቆረጣል፤ ወሰንን ማለት ነው። ከደመወዝ ላይ ግብር ይቆረጣል፤ ሆድ ይቆርጣል፤ ተስፋ ይቆረጣል። ቆርጦ የተነሣ ሰው ደግሞ ቢላዋ የለውም፤ ያለው ቁርጠኝነት ነው። አማርኛ የሚማር አንድ ጀርመናዊ «ለአውቶቡስ ትኬት ቆርጬ መጣሁ» የሚል ሰው ሲሰማ በመቀስ የተበጣጠሰ ወረቀት ቢታየው እንዴት እንፈርድበታለን? «ጣለ»ም እንዲሁ ነው። ዝናብ ይጥላል፣ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፣ ዕቁብተኛ ዕቁብ ይጥላል፣ ዳኛ ቅጣት ይጥላል፣ መንግሥት ግብር ይጥላል። ሁሉም ጣዮች ናቸው፤ ወደ መሬት የወረወረ ግን አንድም የለም። የኦክስፎርድ ሰዎች ለ«ቆረጠ» ዘጠኝ ወር ቢሰጡት ምን ያህል እንደሚቆጥሩለት ማየት እፈልጋለሁ።

ስለ ቆጠራው ካነሣን ዘንድ፣ 645 የሚለውን ቁጥር በመጠኑም ቢሆን በጥርጣሬ ብታዩት አይከፋኝም። ሐሰት ስለሆነ አይደለም። የፍቺ ድንበር እንደ ቀበሌ ድንበር ካርታ የለውም። ቧንቧ ሲፈስስና አፍንጫ ሲፈስስ አንድ ፍቺ ነው ወይስ ሁለት? አንዱ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ይጠቀልለዋል፣ ሌላው ይተነትነዋል። ኦክስፎርዶች የመተንተን ወገን ናቸው፤ ለእያንዳንዱ የአገባብ ለውጥ ከየዘመኑ ጽሑፍ ማስረጃ እየሰበሰቡ ይለዩታል። ለተማሪ በሚዘጋጅ መካከለኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ግን ይኸው ግስ በጥቂት አሥሮች በሚቆጠር ፍቺ ይታለፋል። ቃሉ ያው ነው፤ የተለየው የቆጣሪው ዓይን ነው።

የሻምፒዮናው ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። በሁለተኛው የኦክስፎርድ እትም፣ በ1989፣ የአንደኝነቱን ዘውድ የደፋው «ሴት» የሚለው ግስ ነበር። አስቀመጠ፣ አዘጋጀ፣ ተከለ፣ ጠለቀች (ፀሐይ)፣ ረጋ እያለ 430 ፍቺ ነበረው። ብዙ ሰው ዛሬም የእንግሊዝኛ ባለ ብዙ ፍቺው ቃል የቱ ነው ሲባል ይህንኑ ይጠራል፤ ግን ጊዜው አልፎበታል። አዘጋጆቹ ሦስተኛውን እትም ሲጀምሩ ከ«ኤ» ሳይሆን ከ«ኤም» ተነሡ፤ በ2000 «ሜክ» ዘውዱን ነጠቀ፣ በ2007 «ፑት»፣ በ2011 «ራን»። ስሞቹን አስተውሏቸው፤ አደረገ፣ አኖረ፣ ሮጠ። ከፈረንሳይኛ ወይም ከላቲን የመጣ አንድም የተማረ ቃል የለበትም። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ የፈረንሳይኛ ቃላት ገብተዋል፤ በፍርድ ቤትና በቤተ መንግሥት ተቀመጡ። የምድጃ ዳሩን ሥራ ግን እነዚህ አጫጭር የድሮ ቃላት አልለቀቁም። አሜሪካዊው ጆርጅ ዚፍ በ1945 እንዳሳየው፣ አንድ ቃል በተደጋገመ ቁጥር ፍቺው ይበዛል። ሥራ የሚበዛበት ለሚሠራ ሰው ነው፤ ቃልም እንዲሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ግሱ ብቻውን ሲሆን ከላይ ባልኩት መንገድ ይገራል። ከኋላው እንደ «አውት»፣ «ኢንቱ»፣ «ኦቨር» ያለች ትንሽ ቃል ስትከተለው ግን ጠባዩ ይለወጣል። «ራን ኢንቱ» ከግድግዳ ጋር ሲሆን ተጋጨ ነው፤ ከድሮ ጓደኛ ጋር ሲሆን ሳያስቡት ተገናኙ ነው፤ ከችግር ጋር ሲሆን ገጠመው ነው። «ራን ኦቨር» ይባስ ነው። መኪና ሰው ላይ ሲያደርገው ገጨ፣ ተማሪ ደብተሩ ላይ ሲያደርገው ከለሰ፣ ስብሰባ ሲያደርገው ከተመደበለት ሰዓት አለፈ። የመጀመሪያውና የሁለተኛው እንዳይምታቱ ይጠንቀቁ፤ አንዱ ወደ ፈተና፣ ሌላው ወደ ፍርድ ቤት ይወስዳል።

«ራን አውት» ላይ ግን መቆም እፈልጋለሁ፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ዓለምን በተቃራኒ በኩል ሲያዩ በግልጽ የሚታየው እዚህ ነውና። ስኳር አለቀብን እንላለን። ያለቀው ስኳሩ ነው፤ እኛ የደረሰብን ነን፤ «ብን» የምትለዋ ጭራ ጉዳቱን ትሸከማለች። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን ሰዎቹን ያደርጋል፤ እኛ ነን ከስኳሩ «ሮጠን የወጣነው»። ስኳሩ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ጊዜም፣ ነዳጅም፣ ትዕግሥትም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ትዕግሥቴ አለቀ፤ በእንግሊዝኛ እኔ ነኝ ያለቅሁት ማለት ይቃጣዋል። ይህን ቃል በቃል ወደ አማርኛ የሚያመጣ ተርጓሚ ዓረፍተ ነገሩን መገልበጥ ግድ ይለዋል። ሳይገለብጥ ሲቀር እንደ «ከነዳጅ ወጣን» ያለ፣ ሰውም መኪናም የማይሄድበት አማርኛ ይወለዳል። እንዲህ ያለ ነገር በትርጉም ጽሑፎች ላይ ካየሁ ጥርሴን ያመኛል።

ስም ሆኖ ሲመጣ የሚይዛቸውን አብዛኞቹን በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። የበረዶ ሸርተቴ ቁልቁለት፣ ዶሮዎች የሚንጎራደዱበት የታጠረ ግቢ፣ የመጽሐፍ አንድ የኅትመት ዙር፣ ደጋግሞ የመጣ ዕድል፣ እና ይቅርታ ይደረግልኝና ተቅማጥም ጭምር። «በረጅሙ ሩጫ» የሚሉት ደግሞ የእኛው ውሎ አድሮ ነው፤ በ1994 ዓ.ም. የተጀመረውና የመጀመሪያውን ውድድር ራሱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያሸነፈበት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በእንግሊዝኛ ስሙ ሲጠራ ግን፣ ደስ ይበላችሁ፣ ቃሉ የልጅነታችን ሩጫ ነው። በክሪኬት ጨዋታ ነጥብ የሚቆጠረው በዚሁ ስም ነው። ሁለት መቺዎች በ20 ሜትር ገደማ መስመር ላይ ቦታ ሲለዋወጡ አንድ «ሩጫ» ይመዘገባል። ኳሷ ከሜዳው ወሰን ካለፈች ግን አራት፣ መሬት ሳትነካ ካለፈች ስድስት «ሩጫ» ይጻፋል፤ አንድም ሰው አንድ እርምጃ ሳይሮጥ።

በፖለቲካ ውስጥ አሜሪካና ብሪታንያ ተለያይተዋል። አሜሪካዊ ዕጩ ለምርጫ «ይሮጣል»፤ እንግሊዛዊ ዕጩ «ይቆማል»። ስለ ሁለቱ ሕዝቦች ጠባይ ይህ ምን እንደሚል ለአንባቢ ልተው። ለአሜሪካ ፕሬዝዳንትነት የሚወዳደር ሰው አብሮት የሚቀርበውን ምክትል «የሩጫ ባልንጀራ» ይለዋል፤ ይህም ከፈረስ ግልቢያ የመጣ ነው። ከአንድ በረት የወጡ ሁለት ፈረሶች ሲወዳደሩ አንደኛው ለሌላው ፍጥነት እንዲያወጣለት ብቻ ይገባ ነበር። ምክትል ፕሬዝዳንት ሆኖ ያገለገለ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው እንጃ።

አንዱ ስም ግን ሊታለፍ አይገባውም፤ የባንክ ሩጫ። ለዚህ በአማርኛ ሁሉም የተስማማበት አንድ ቃል አላጋጠመኝም፤ እኔ «የገንዘብ ማውጣት ሽሚያ» ማለትን እመርጣለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ባንክ የተቀበለውን ገንዘብ በካዝና ቆልፎ አያስቀምጥም። አብዛኛውን ያበድራል፤ በየቀኑ ለሚመጣው ጥቂት ሰው የሚበቃውን ያህል ይይዛል። ደንበኛው ሁሉ በአንድ ቀን ገንዘቤን ብሎ ቢመጣ ጤነኛ የሚባለው ባንክ እንኳን ሊከፍል አይችልም። ከባዱ ነገር ፍርሃቱ ራሱን እውነት ማድረጉ ነው። ባንኩ ሊወድቅ ነው የሚል ወሬ ይናፈሳል፤ ሰው ይሮጣል፤ ሰው ስለሮጠ ባንኩ ይወድቃል። በመስከረም 2007 የእንግሊዙ ኖርዘርን ሮክ ባንክ በሮች ላይ ረጃጅም ሰልፎች ታዩ፤ በብሪታንያ ከ1866 ወዲህ እንዲህ ያለ ሽሚያ አልታየም ነበር። እዚያ ቢያንስ ሰዎቹ በእግራቸው ሄደዋል። በመጋቢት 2023 የካሊፎርኒያው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ደንበኞች ግን በአንድ ቀን ውስጥ 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ትእዛዝ ሰጡ፤ በማግስቱ ባንኩ ተዘጋ። ሰልፍ ሳያስፈልግ በስልክና በኮምፒውተር ነበር። ስሙ ግን አሁንም ሩጫ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይህ ወደ ጥንቱ መመለስ ነው። ገንዘቡ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ፤ ከእግር ይልቅ ለውኃ ይቀርባል።

ወደ ፎር ማይል ራን ልመለስ። አሁን ቅዳሜ ጠዋት አልፎ አልፎ እሄድበታለሁ። ወንዙ ወደ ፖቶማክ ይፈስሳል፤ የአስፋልቱ መንገድ ወንዙን ይዞ ይሄዳል፤ በመንገዱ ላይ ሰዎች ይሮጣሉ። ቁጭ ብዬ ሳያቸው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው ሦስቱም የሚያደርጉት አንድ ነገር መሆኑ ትዝ ይለኛል። እኔ ለሦስቱ ሦስት ግስ አወጣሁ፤ ከሯጮቹ መካከል ደግሞ አንዱ የአገሬ ልጅ ሲያልፍ «አይዞህ፣ በርታ» ስለው እጁን ያነሣልኛል።